ከአገር አገር እየተዘዋወሩ የሚማሩት የሕግ ማስተርስ

በአውሮፓ ተማሪውን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት አገር የሚያዞሩ የሕግ ማስተርስ መርሐ ግብሮች አሉ። ከአንጋፋዎቹ አንዱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 የተጀመረው የአውሮፓ የሕግና ኢኮኖሚክስ ማስተርስ ነው። ዓመቱ በሦስት ወቅት ይከፈላል። ሮተርዳም ወይም ሀምቡርግ የጀመረ ተማሪ ሦስተኛውን ወቅት፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፉን ጊዜ፣ ሌላ ከተማ ያሳልፋል፤ የአባል ተቋማቱ መረብ እስከ ሀይፋና ሙምባይ የተዘረጋበት ጊዜም ነበር። በ1997 የተመሠረተው የቬኒስ የሰብዓዊ መብቶችና ዴሞክራሲ ማስተርስ አካሄዱ ይለያል። ሁሉም ተማሪ መጀመሪያ በቬኒስ ሊዶ ደሴት ላይ በአንድ የቀድሞ ገዳም ይሰበሰባል፤ በሁለተኛው መንፈቅ በየአባል ዩኒቨርሲቲው ይበተናል።

ዝውውሩን የሚያስችለው የጋራ የክሬዲት ሥርዓት ነው። የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ትምህርት 60 ክሬዲት ሲሆን አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይመዘናል። ሃያ ዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች በ1999 በጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ ከተስማሙ ወዲህ የዲግሪ እርከኖች ተቀራርበዋል። የሕግ ሙያ ግን ብዙም አልተበገረም፤ ጀርመን ዛሬም ጠበቆቿንና ዳኞቿን የምታፈራው በመንግሥት ፈተና ነው። ስለዚህ ማስተርሱ በየትኛውም አገር በራሱ የጥብቅና ፈቃድ አያሰጥም። ይህን ሳያውቅ የሚነሳ ሰው ብዙ ነው።

ዕቅድ ሲወጣ ከከተሞቹ ውበት ይልቅ ኮርሶቹ ሊቀድሙ ይገባል፤ የማስታወቂያ ካርታ ሁሉንም ጉዞ ሽርሽር ያስመስለዋል። አንዱ አገር የውድድር ሕግን፣ ሌላው የውል ሕግን ያጠነክር ይሆናል፤ የጽሑፉ አማካሪ የሚገኝበትን ዩኒቨርሲቲ መጨረሻ ላይ ማድረግ ይበጃል። የኢትዮጵያ ሕግ ምሩቅ እዚህ ላይ አንድ ስንቅ አለው፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ስለነበር የአውሮፓ አህጉር የውል ትምህርት ባዕድ አይሆንበትም።

ወጪን በተመለከተ ዋናው በር ኢራስመስ ሙንደስ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የነፃ ትምህርት ዕድል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2021 ጀምሮ በጸደቁት መርሐ ግብሮች ነፃ የትምህርት ዕድል ያገኘ ተማሪ የመማሪያ ክፍያ ይሸፈንለታል፤ በወርም 1,400 ዩሮ ያገኛል፤ የአውሮፕላኑም የቪዛውም የቤት ኪራዩም ወጪ ከዚሁ ነው። ማመልከቻ ባብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ይቀርባል።

ብዙ ጭንቀት የሚያመጣው ቪዛው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ በአንድ አባል አገር የተማሪ መኖሪያ ፈቃድ ያለውና በእንዲህ ያለ መርሐ ግብር የታቀፈ ሰው ሌላ አባል አገር እስከ 360 ቀን እንዲማር ይፈቅዳል። አገሮች ማሳወቂያ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ዴንማርክና አየርላንድ ደግሞ በመመሪያው አይገደዱም። የመጀመሪያው ፈቃድ ከትምህርቱ ቀድሞ ካበቃ ጣጣው የሚጀምረው ያኔ ነው።

ከመመዝገብ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጉዳይ የሚሰጠው አንድ የጋራ ዲፕሎማ ነው ወይስ ከየዩኒቨርሲቲው የተለያየ የሚለው ነው። ወደ አገር ቤት የሚመለስ ሰው ዲግሪውን ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለአቻ ግምት ያቀርባል፤ ስለዚህ የትኛው ኮርስ የት እንደተወሰደ የሚዘረዝረውን የዲፕሎማ ማብራሪያ ከዲፕሎማው ጋር ተቀብሎ መምጣት አለበት።