በሕንፃ ግንባታ ሥራ ላይ የደህንነት ስጋት ግምገማ

የደህንነት ስጋት ግምገማ አንድ የግንባታ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማን፣ በምን፣ እንዴት ሊጎዳ እንደሚችል ለይቶ፣ ጉዳቱ የመድረስ ዕድሉንና ክብደቱን መዝኖ፣ መከላከያውን ከነኃላፊው በጽሑፍ የማስፈር አሠራር ነው። ፋብሪካ ውስጥ ለአንድ ማሽን የተሠራ ግምገማ ለረጅም ጊዜ ሊያገለግል ይችላል። ሕንፃ ግን በየሳምንቱ ይለወጣል፤ ባለፈው ወር ሜዳ የነበረው ዛሬ የ6 ሜትር ጉድጓድ ነው፣ ቆይቶ ደግሞ ጠርዙ ያልተከለለ አራተኛ ፎቅ ይሆናል። ሠራተኛውም ይቀያየራል። በዚህ ምክንያት ግምገማው ለፕሮጀክቱ በጥቅሉ አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ሰነድ ሊሆን አይችልም። ለእያንዳንዱ ሥራ ይሠራል፣ ሥራው ወይም ቦታው በተለወጠ ቁጥርም ይከለሳል።

በኢትዮጵያ የግዴታው መነሻ ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታ ይዘረዝራል፤ ሠራተኛው ሥራው የሚያስከትለውን አደጋ እንዲያውቅ ማድረግ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ሰጥቶ አጠቃቀሙን ማሳየት፣ የሚደርሱ አደጋዎችን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ ከነዚህ መካከል ናቸው። አገሪቱ የዓለም ሥራ ድርጅትን ስምምነት ቁጥር 155ንም አጽድቃለች። በፊዲክ (ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን ባዘጋጀው መደበኛ የግንባታ ውል) በሚሠሩ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ፣ እ.ኤ.አ. የ1999 እትም አንቀጽ 4.8 የደህንነት አጠባበቅን፣ አንቀጽ 6.7 ደግሞ በሳይቱ ላይ አደጋ የሚከላከል ኃላፊ መመደብን ከሥራ ተቋራጩ ይጠብቃል። ክፍተቱ ከሁሉም የሚሰፋው ባለቤቱ ከካፖ (ከሠራተኞች አለቃ) ጋር በቃል ተስማምቶ በሚያሠራቸው አነስተኛ ሕንፃዎች ላይ ነው። እዚያ መሐንዲስ የሚመጣው አንዳንዴ ነው፤ ስጋቱን የሚገመግም ሰው በስም አልተመደበም፣ ሥራው ግን ያው ከፍታና ያው አርማታ ነው።

አሠራሩ

ግምገማው የሚጀምረው ሥራውን በቅደም ተከተል በመበተን ነው። «ሶሌታ ሙሌት» (የፎቅ ወለል አርማታ መሙላት) ብሎ መጻፍ አይበቃም። ቋሚዎችን ማቆም፣ ጣውላ መደርደር፣ ፌሮ (የአርማታ ብረት) ማሰር፣ አርማታ ወደ ላይ ማውጣት፣ ማፍሰስና መምታት፣ ጠርዝ ማስተካከል፣ ከቀናት በኋላም ድጋፉን መንቀል እያንዳንዳቸው የተለያየ አደጋ አላቸው፤ አደጋው የሚያገኘውም የተለያየ ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ደረጃ የአደጋው ምንጭ፣ ተጋላጩ ሰው፣ አሁን ያለው መከላከያ፣ የሚጨመረው መከላከያ፣ የሚያስፈጽመው ሰው ስምና ቀኑ ይመዘገባሉ።

መዝጋቢው ወረቀቱን ቢሮ ተቀምጦ ከሞላው ግማሹን ያጣል። ከፎርማኑ፣ ከአናጢው፣ ፌሮ ከሚያስረው ፌራዮና አርማታ ከሚሸከሙት ጋር ሆኖ ሳይቱን መዞር ያስፈልጋል። የትኛው ጣውላ እንደሚወዛወዝ፣ ዝናብ ሲመጣ ውኃው በየት በኩል እንደሚገባ፣ የማሽኑ ኬብል የቱ ጋ እንደተላጠ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ተጋላጭ ሲባልም ሠራተኛው ብቻ አይደለም፤ በአጥሩ ጥግ የሚያልፍ መንገደኛ፣ ጎረቤት፣ ምሳ የምታቀርብ ሴት፣ ሌሊት የሚያድር ዘበኛ ሁሉ ይቆጠራሉ።

ምዘናው ብዙውን ጊዜ በቁጥር ይሠራል። የመድረስ ዕድሉ ከ1 እስከ 5፣ የጉዳቱ ክብደት ከ1 እስከ 5 ይሰጥና ይባዛሉ። ለምሳሌ ለሊፍት በተተወው ክፍት ቦታ አጠገብ ያለ ከለላ ብሎኬት መደርደር ዕድሉ 4፣ ክብደቱ 5፣ ውጤቱ 20 ነው፤ ሥራው መቆም አለበት ማለት ነው። በ1 ሜትር ከፍታ መደገፊያ፣ ከመሃሉ ሌላ አግድም፣ ከሥሩም 15 ሳንቲ ሜትር የጠርዝ ጣውላ ሲደረግ ዕድሉ ወደ 1 ይወርዳል። ክብደቱ ግን 5 እንደሆነ ይቀራል፤ ከዘጠኝ ሜትር የሚወድቅ ሰው መደገፊያ ስለተሠራ ቀለል ብሎ አይወድቅም። ብዙ ቅጾች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በመከላከያው ዓምድ «ሄልሜት» ተጽፎ ክብደቱ ከ5 ወደ 2 ሲወርድ ካየን፣ ቅጹ የተሞላው ቁጥሩን ለማሳነስ እንጂ ሰውን ለመጠበቅ እንዳልሆነ እርግጠኛ መሆን ይቻላል።

የመከላከያ ምርጫ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አደጋውን ማስቀረት ይሞከራል፤ ላይ ሆኖ የሚገጣጠመውን መሬት ላይ ገጣጥሞ ማንሳት እንደማለት ነው። ካልሆነ አደገኛውን በሌላ መተካት፣ ቀጥሎ መከለልና መደገፍ፣ ከዚያ የአሠራር ሥርዓትና ሥልጠና ይመጣል። ሄልሜት፣ ጓንት፣ ሴፍቲ ጫማና ቀበቶ የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ እነሱ የሚሠሩት ሌላው ሁሉ ሳይሳካ ሲቀር ነውና። በየሳይቱ በር ላይ ከማንም ቀድሞ የሚታየው ግን የሄልሜት ምልክት ነው።

ቁፋሮ

አንድ ሜትር ኩብ አፈር እንደ ዓይነቱና እንደ እርጥበቱ ከ1.6 እስከ 1.8 ቶን ገደማ ይመዝናል። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ቢሆንም ደረቱን ማስፋት ስለማይችል ይታፈናል። በብዙ አገሮች ከ1.5 ሜትር ገደማ ጀምሮ የጉድጓድ ግድግዳ ወይ ይደገፋል ወይ ተዳፋት ይሆናል። ልቅ ለሆነ አፈር በአሜሪካ ደንብ የሚፈቀደው እጅግ ቀጥ ያለ ተዳፋት ለ1 ሜትር ጥልቀት 1.5 ሜትር ወደ ጎን ነው። የ4 ሜትር ጉድጓድ በዚህ ስሌት በየጎኑ 6 ሜትር ይፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ በጠባብ ቦታ ላይ ይህ ስለማይገኝ፣ ለምድር ቤት የሚቆፈረው ጉድጓድ ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ገና በዲዛይን ጊዜ መታወቅ አለበት።

መረሬ አፈር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በበጋ ደርቆ ሲቆም ቀጥ ያለ ግድግዳ የሚይዝ ይመስላል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ተሰነጣጥቋል። የክረምቱ ዝናብ በስንጥቁ ሲገባ አፈሩ ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ጥንካሬውንም ያጣል። በግንቦት ተቆፍሮ ለሐምሌ የቀረ ጉድጓድ ያው ጉድጓድ አይደለም፤ ግምገማው እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ፣ ከግድግዳው የሚንከባለል ትንሽ አፈር፣ ከሥር የሚያዥ ውኃ፣ በጎረቤት አጥር ላይ የታየ አዲስ መሰንጠቅ ሁሉም ሰው ወዲያውኑ መውጣት እንዳለበት የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው።

የተቆፈረው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ ገልባጭ መኪናና ኤክስካቫተር ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይርቃሉ፣ ክብደታቸውና ንዝረታቸው ግድግዳውን ይገፋሉና። መውጫ መሰላል ከማንኛውም ሠራተኛ በ7.5 ሜትር ውስጥ መሆን አለበት። በዙሪያው ያሉት ቤቶች ጭቃ ቤቶች ከሆኑ መሠረታቸው ጥልቅ ስለማይሆን፣ ቁፋሮው ከነሱ ሥር ሲወርድ የመጀመሪያው ተጎጂ ሠራተኛው ላይሆን ይችላል። ጉድጓዱ በየቀኑ ጠዋትና ከዝናብ በኋላ ይፈተሻል፤ ፈታሹም በስም ይታወቃል።

የሶሌታ ድጋፍ

ያልደረቀ አርማታ በራሱ አይቆምም፤ ክብደቱ በሙሉ ጣውላውና ቋሚዎቹ ላይ ነው። ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ በየሳይቱ ቢሠራ መልካም ነበር። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሙሉ ሶሌታ በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ይመዝናል። ጣውላውና ከሥሩ የሚያልፈው ሞራሌ (አግድም እንጨት) 50 ኪሎ፣ ሠራተኛውና መሣሪያው 250 ኪሎ ሲታሰብ ድምሩ 800 ኪሎ ይሆናል። ቋሚዎች በየ1 ሜትሩ ከቆሙ አንዱ 800 ኪሎ ይሸከማል፤ በየ80 ሳንቲ ሜትሩ ከሆነ 512 ኪሎ። አርማታው በአንድ ቦታ ተከምሮ 60 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ግን አርማታው ብቻውን በካሬ ሜትር 1,500 ኪሎ ነው፤ ከታሰበው ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ አርማታ በአንድ ቦታ አይከመርም፤ እየተበተነ ይሞላል።

የባህር ዛፍ ቋሚ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በመጨፍለቅ አይደለም፤ በመጉበጥ ነው። ርዝመቱ በጨመረ ቁጥር የሚሸከመው በርዝመቱ ካሬ ይቀንሳል። ከ3 ሜትር ወደ 4.5 ሜትር ያደገ ቋሚ፣ ውፍረቱ ያው ሆኖ፣ አቅሙ ከግማሽ በታች ይወርዳል። የሱቅ ወለል ያላቸው ሕንፃዎች የመሬቱ ወለላቸው ጣሪያ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ለላይኛው ፎቅ የበቃው አሠራር ታች ሲደገም የሚያጋጥመው ይህ ነው። አጭር እንጨት በሚስማር የተቀጠለ፣ የጠመመ፣ ሥሩ የበሰበሰ ቋሚ ተለይቶ ይወጣል። ከመሃል በሁለቱም አቅጣጫ አግድም እንጨት ማሰር የቋሚውን የመጉበጫ ርዝመት በግማሽ ይቀንሳል፤ ሰያፍ ማሰሪያ ደግሞ ሙሉው ድጋፍ ወደ ጎን እንዳይዘም ይይዛል። ቋሚው በለስላሳ አፈር ላይ ከቆመ ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ይደረጋል፤ ብሎኬት ስብርባሪ መደርደር ግን አያዋጣም፣ ሙሌቱ መሃል ላይ ሲደርስ ይፈርሳል።

በሙሌቱ ሰዓት ከሥር የሚቆመው አናጢ ብቻ ነው፤ እሱም ከዳር ሆኖ ያያል። ጣውላ ሲያጎነብስ ወይም ሚስማር ሲጮህ ካየ መጀመሪያ ላይኛውን ያስቆማል። ገብቶ ቋሚ ለመጨመር መሞከር ብዙ ሰው የሚሞትበት ስህተት ነው።

ድጋፉን መንቀልም ራሱን የቻለ ግምገማ ይፈልጋል። የ7 ቀን አርማታ በጥሩ ሁኔታ ከ28 ቀኑ ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይደርሳል፤ በክረምት ቅዝቃዜ ደግሞ ይዘገያል። የመንቀያው ቀን የሚወሰነው በዲዛይኑና በኩብ ፍተሻ (ከአርማታው የተወሰደ ናሙና ተጨፍልቆ ጥንካሬው የሚለካበት) ውጤት ነው፣ ጣውላው ለሚቀጥለው ፎቅ ስለተፈለገ አይደለም። ከሥሩ ያለው ፎቅ ገና ወጣት ሆኖ የላዩ ከተሞላ፣ የታችኛው ቋሚዎች ሳይነቀሉ ይቆያሉ።

ከፍታ

ከ3 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 28 ኪሎ ሜትር ነው። ከአጣና የተሠራ መወጣጫ በአግባቡ ከታሰረ ይሠራል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከዝርዝሩ ነው። አግድሙ በአንድ ሚስማር ተመትቶ ክብደቱ ሚስማሩን ወደ መንቀል አቅጣጫ ሲስበው፣ መረማመጃው አንድ ጣውላ ብቻ ሲሆን፣ መወጣጫው ከሕንፃው ጋር ሳይታሰር ነፋስ ሲመታው፣ ወይም ግንበኛው እንዳይመላለስ ብሎ ብዙ ብሎኬት ሲከምርበት ይወድቃል። ባለ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት 15 ኪሎ እና ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ ሃያ ብሎኬት ከ300 ኪሎ በላይ ነው።

የደህንነት ቀበቶም ስሌት አለው። 2 ሜትር ገመድ፣ ድንጋጤውን የሚያበርደው ክፍል ሲዘረጋ እስከ 1.75 ሜትር፣ ገመዱ ከሰውየው ቀበቶ ጋር ከሚያያዝበት በታች ያለው ቁመት 1.5 ሜትር፣ ለጥንቃቄ 1 ሜትር፤ ድምሩ ከ6 ሜትር ያልፋል። ከእግሩ ሥር አስሮ በ4 ሜትር ከፍታ የሚሠራ ሰው ገመዱ በሙሉ ሳያቆመው መሬት ይደርሳል። ማሰሪያው ከራስ በላይ መሆን፣ ገመዱም ማጠር አለበት። በተወጠረው ፌሮ ላይ ወይም በመወጣጫው አጣና ላይ ማሰር እንደ ማሰሪያ አይቆጠርም። የተንጠለጠለውን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ማን እንደሚያወርደውም ቀድሞ ይጻፋል።

ክፍት ቦታ ላይ የሚጣል ፕላይውድ በሚስማር ካልተመታ ከክፍቱ የባሰ ነው፤ ሰው ለሌላ ሥራ ሲያነሳው ከሥሩ ያለውን አያይም።

ሌሎቹ

ኤሌክትሪክ ላይ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው የሳይቱ 220 ቮልት ነው፤ አርማታ የሚመታው ቫይብሬተርና የሚያቦካው ሚክሰር በውኃ መሃል ስለሚሠሩ ኧርዝ መኖሩ፣ ኬብሉ አለመላጡና በ30 ሚሊ አምፒር የሚያጠፋ ብሬከር መግጠሙ ይረጋገጣል። ሁለተኛው በመንገድ ዳር የሚያልፈው የ15 ሺህ ቮልት መስመር ነው። ፌሮ 12 ሜትር ርዝመት ስላለው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲገለበጥ መስመሩን ሊነካ ይችላል፤ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቃል፣ ካልተቻለ ኃይሉ እንዲቋረጥ ይጠየቃል።

ሲሚንቶ በውኃ ሲቦካ ቆዳን የሚያቃጥል ነው፤ በቦት ጫማ ውስጥ የገባ አርማታ እስከ ማታ ከቆየ ጥልቅ ቁስል ይተዋል። ድንጋይና አርማታ በደረቁ ሲቆረጥ የሚነሳው ብናኝ ሳንባ የሚጎዳው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ በብዙ ቅጾች ላይ አይገኝም፤ ውኃ እያፈሰሱ መቁረጥ ብቻ አብዛኛውን ያስቀራል።

የቀን ሠራተኛ የተለየ ቦታ ይገባዋል። ዛሬ ጠዋት የተቀጠረ ሰው የትኛው ጠርዝ ክፍት እንደሆነ አያውቅም፣ ሥራውን እንዳያጣ ብሎም አይጠይቅም። ከተለያየ አካባቢ የመጡ ሠራተኞች ቋንቋቸው ሊለያይ ስለሚችል፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ምልክት አይጠቅምም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባለበት ቦታ ቆሞ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ የዕለቱን አደጋ በአሥር ደቂቃ ማሳየትና መልሶ እንዲናገር ማድረግ ይሻላል።

በግምገማው የመጨረሻ ገጽ የድንገተኛ ጊዜ ዕቅድ ይሰፍራል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ 939፣ የሳይቱ አድራሻ ለሾፌር በሚገባ አገላለጽ፣ መኪና የሚገባበት በር፣ የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነው ሰው ስም። ሰነዱ የሚከለሰው የአሠራር ዘዴ፣ መሣሪያ፣ የአየር ሁኔታ ወይም ቡድን ሲቀየርና ከማንኛውም አደጋ በኋላ ነው። ማንንም ሳይመታ የወደቀ ጣውላም ይመዘገባል፤ የወደቀበት ምክንያት ካልተስተካከለ በሚቀጥለው ጊዜ ከሥሩ ሰው ሊኖር ይችላል።