ዋይፋይን ለማስፋት በሚጨመር ሁለተኛ ራውተር ላይ «ዲኤችሲፒን ያጥፉ» የሚባለው ለምንድን ነው?

ዲኤችሲፒ ማለት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ኔትወርክ ውስጥ ሲገባ የአይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበትን ቁጥር) የሚያድል አገልግሎት ነው። በአንድ ቤት ኔትወርክ ላይ አዳዩ አንድ ራውተር ብቻ መሆን አለበት። ሁለት ከሆኑ ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። የመለሰለት ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ «ወደ ኢንተርኔት መውጫው እኔ ነኝ» ይለዋል፤ እሱ ግን መውጫ የለውም። ዋይፋዩ ሙሉ ሲግናል እያሳየ ምንም ገጽ አለመከፈቱ፣ አንዳንዴ ደግሞ መሥራቱ፣ ከዚህ የሚመጣ ነው።

አዲሱን (ሁለተኛውን) ራውተር መጀመሪያ ከኮምፒውተር ጋር ብቻ በኬብል ያገናኙት። ዋናው ራውተር 192.168.1.1 ከሆነ የአዲሱን የላን (የቤት ውስጥ ኔትወርክ) አድራሻ 192.168.1.2 ያድርጉት፤ ዋናው ከሚያድላቸው ቁጥሮች ውጭ መሆኑን ግን ያረጋግጡ። ሲያስቀምጡት የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ይቋረጣል፣ አይደንግጡ፤ በአዲሱ አድራሻ ተመልሰው ይግቡ። ዲኤችሲፒን የሚያጠፉት ከዚህ በኋላ ነው።

ኬብሉ ከዋናው የላን ቀዳዳ ወደ አዲሱ የላን ቀዳዳ ይግባ። በዋን (የኢንተርኔት መስመር በሚገባበት) ቀዳዳ ከሰኩት አዲሱ ራውተር የራሱን ኔትወርክ ይፈጥራል፤ ኢንተርኔት ቢሠራም ከዋናው ጋር የተገናኘ ስልክ በአዲሱ በኩል ያለውን ፕሪንተር አያገኘውም።

የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል አንድ ዓይነት ቢሆኑ ይሻላል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ቻናሉ ይለያይ፤ አንዱ 1 ከሆነ ሌላው 6 ወይም 11። አዲሱ ራውተር «አክሰስ ፖይንት» (የዋናውን ኔትወርክ በዋይፋይ ማሰራጨት ብቻ) የሚል ምርጫ ካለው ግን እሱን ይምረጡ፤ ዲኤችሲፒን ራሱ ያጠፋዋል።