ትንሽ ውሃ የሚበቃው የአሉሚኒየም ጀልባ፦ የሚባለውና እውነታው

በሐሩር ክልል ባሕሮች ለወራት ሊዞር የሸራ ጀልባ የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓይነት መካሪ አያጣም። አንደኛው አሉሚኒየም ሲባል «የድስት ብረት» ብሎ ይስቃል። ሁለተኛው ደግሞ ከ1 ሜትር እምብዛም በማይበልጥ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የአሉሚኒየም ጀልባ የገዛ ሰው የባሕር ጣጣ ሁሉ የቀረለት አድርጎ ያወራል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ለእኔ ይበልጥ አደገኛው ሁለተኛው ነው፤ ፈሪው ቢያንስ መልሕቁን ከኮራሉ፣ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከሚሠሩት ድንጋይ መሰል ክምር፣ ራቅ አድርጎ ይጥላል።

በመጀመሪያ ስለየትኛው ጀልባ እንደምናወራ እንግባባ። በብዙ የሸራ ጀልባዎች ሆድ ሥር ኪል የሚባል ከባድ የብረት ወይም የእርሳስ ክንፍ ወደ ታች ይወርዳል። ርዝመቱ 12 ወይም 14 ሜትር የሆነ እንዲህ ያለ ጀልባ መሬት ሳይነካ ለመንሳፈፍ ብዙውን ጊዜ 2 ሜትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። የእኛው ጀልባ ግን ጥልቅ ቋሚ ኪል የለውም። በሆዱ መሐል ባለ ጠባብ ሰገባ ውስጥ እንደ ሰንጢ ታጥፎ የሚገባ ሳንቃ አለው። ሳንቃው ሲወርድ ጀልባው ከ2 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ሲሰበሰብ 1 ሜትር ከጥቂት ውሃ ይበቃዋል። በዚህ ሥራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው የፈረንሳይ ጀልባ ሠሪዎች ናቸው፤ አሉባ፣ ጋርሲያ፣ አሉርና ቦሬያል።

«የባሕር ውሃ አሉሚኒየምን ይበላዋል»

ይህ እምነት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ1895 ለአሜሪካ ዋንጫ የሸራ ጀልባ ውድድር ናታንኤል ሄርሾፍ የነደፈው ዲፌንደር የተባለ ጀልባ ከውሃ በላይ ያለው ገላው አሉሚኒየም፣ ከውሃ በታች ያለው ነሐስ፣ የጎን አጥንቱ ደግሞ ብረት ነበር። ቀላልና ፈጣን ስለነበር አሸነፈ። ነገር ግን ሦስት ዓይነት ብረታ ብረት ተነካክተው ጨው ውሃ ሲያገኛቸው ከባትሪ አይለዩም፤ በባትሪው ውስጥ ተበይው ደግሞ አሉሚኒየሙ ነው። ጀልባው በፍጥነት ተቦርቡሮ በ1901 ፈረሰ። ሰዉ ከዚህ የያዘው ትምህርት «አሉሚኒየም ለባሕር አይሆንም» የሚል ሆነ። መያዝ የነበረበት «አሉሚኒየምን ከነሐስ ጋር አታጋባ» የሚለውን ነበር። በዚያው ውድድር በ1974 ያሸነፈው ከሬጅየስ የአሉሚኒየም ጀልባ ነበር፤ ያኔ ግን የቅይጡም የአሠራሩም ዕውቀት ተለውጧል።

አሉሚኒየም አየር ባገኘው ቅጽበት ገጹ ላይ እጅግ ስስ የሆነ ጠንካራ ሽፋን ያበጃል። ሲፋቅ መልሶ ያበጃል። ለባሕር የሚመረጡት ቅይጦች፣ ለምሳሌ ከ4 እስከ 5 በመቶ ያህል ማግኒዚየም ያለው 5083 የተባለው፣ በጨው ውሃ ውስጥ ይህን ሽፋን ጠብቀው ይቆያሉ። ብዙ ባለቤቶች ከውሃ በላይ ያለውን ገላ ሳይቀቡት ግራጫ አድርገው የሚተዉት ለዚህ ነው። መልኩን ለማይወድ ሰው የምለው የለኝም፤ እኔ ግን በየጊዜው የማይቀባ ነገር እወዳለሁ።

ጠላቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከጀልባው ወለል ሥር፣ ውሃ የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ውስጥ፣ ከኤሌክትሪክ ሥራ የተረፈች የጣት ጥፍር የምታህል የመዳብ ሽቦ ወደቀች እንበል። ከወራት በኋላ ወለሉ ሲነሣ ሽቦዋ ባለችበት ነጭ ዱቄት ተቆልሎ ይገኛል። ዱቄቱ በጣት ሲጠረግ ከሥሩ ጉድጓድ አለ። ሽቦዋ ምንም አልሆነችም። የመዳብ ሳንቲምም ያው ነው፤ ስለዚህ በአሉሚኒየም ጀልባ ላይ ኪስን ፈትሾ ሳንቲም ማራገፍ ቀልድ አይደለም።

በሐሩር ባሕር ዛጎላማ ተለጣፊዎችና አረም በፍጥነት ስለሚበቅሉ ከውሃ በታች ያለው ገላ መከላከያ ቀለም ያስፈልገዋል። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ቀለም መሠረቱ የመዳብ ኦክሳይድ ሲሆን እርሱ ለዚህ ጀልባ መርዝ ነው። ለአሉሚኒየም የተዘጋጀ ሌላ ዓይነት ይመረጣል። ከገላው ጋር የሚታሰረው የዚንክ ወይም የተለየ የአሉሚኒየም ቅይጥ ቁራጭ በጀልባው ፈንታ እንዲበላ የተቀመጠ ነው፤ ሲያልቅ ይለወጣል። በወደብ ከየብስ ኤሌክትሪክ ሲሳብ ደግሞ የመሬት ሽቦው ጀልባውን ከጎረቤቶቹ ብረት ሁሉ ጋር ያያይዘዋልና በመካከል የሚለይ ትራንስፎርመር ይገባል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ጀልባው ለአሥርተ ዓመታት ያገለግለዋል። የማያደርግ ሰው ፋይበርግላስ ይግዛ።

«ከባድ ኪል የሌለው ጀልባ ይገለበጣል»

ሰውን የሚያሳስተው ሳንቃው ነው። ሳንቃው ሲሰበሰብ ሚዛን የሚጠብቀው ክብደት አብሮ የተነሣ ይመስላል። በዚህ ዓይነት ጀልባ ግን ሳንቃው ጀልባው በጎኑ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ነው እንጂ የሚዛኑ ዋና ክብደት በእርሱ ላይ አይደለም። ክብደቱ፣ እርሳስ ወይም ብረት፣ በጀልባው ሆድ ውስጥ ከታችኛው የአሉሚኒየም ጠፍጣፋ በላይ ታሽጎ ተቀምጧል። ሳንቃው ቢወርድም ቢወጣም ከዚያ አይንቀሳቀስም። ክብደታቸው ራሱ ከፍና ዝቅ የሚል ኪል ያላቸው ሌሎች ጀልባዎች አሉ፤ እነርሱ ሌላ ዓይነት ናቸው፣ ሰውም ሁለቱን ያደባልቃል።

አድናቂዎች ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ይዘላሉ። በሆድ ውስጥ ያለ ክብደት በጥልቅ ኪል ጫፍ ላይ ካለው ይልቅ ወደ ላይ የቀረበ ስለሆነ ያንኑ ያህል ለመሥራት ብዛት ይፈልጋል፤ ጀልባውም ሰፊ ወገብ ይፈልጋል። ሰፊ ወገብ ለተወሰነ ዝንባሌ ጠንካራ ነው፣ ከዚያ በኋላ ጉልበቱ ይቀንሳል። ጥልቅ ኪል ያለው የረጅም ጉዞ ጀልባ ከ120 ዲግሪ በላይ ተጋድሞም ሊመለስ ይችላል፤ የእኛው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ዝቅ ይላል። ዓለም አቀፉ ደረጃ 12217 ክፍል 2 ለውቅያኖስ ጉዞ የሚፈቅደው ዝቅተኛ መጠን ከ130 ላይ የጀልባው ክብደት በቶን በሁለት ተባዝቶ ሲቀነስ የሚገኘው ነው፤ ከ100 ዲግሪ በታች ግን አይወርድም። 12 ቶን ለሚመዝን ጀልባ ይህ 106 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ የሚገባው «ይገለበጣል ወይ?» ተብሎ አይደለም፤ «ከስንት ዲግሪ በኋላ መመለስ ያቅተዋል?» ተብሎ ነው። ቁጥሩን መናገር የሚያመነታ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

በአንጻሩ ጥልቀት የሌለው ሆድ የራሱ ጥበብ አለው። ትልቅ ማዕበል ጎኑን ሲመታው ሳንቃው ከተሰበሰበ ጀልባውን ከሥር ይዞ የሚያደናቅፈው ነገር የለም፤ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ጉልበቱን ያሳልፈዋል። ጥልቅ ኪል ግን ውሃውን ቆንጥጦ ይይዛል፤ ከላይ ያለው ገላም በእርሱ ላይ ይዞራል። ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሲጓዝ ጥልቅ ኪል ያለው ይበልጠዋል፤ ይህ መካድ የለበትም። ሆኖም በሐሩር ክልል ረጃጅም መንገዶች የሚመረጡት ቋሚው የምሥራቅ ነፋስ ከኋላ እንዲገፋ ተደርጎ ነው።

«1 ሜትር ልዩነት ምን ያመጣል?»

የባሕሩ ጥልቀት በጥቂት ሜትር የሚቆጠርበት አገር ያልሄደ ሰው ጥያቄ ነው። ታላቁ የባሃማ ባንክ፣ በባሃማ ደሴቶች ዙሪያ ያለው ሰፊ ጥልቀት የሌለው ባሕር፣ ሰማያዊ ሜዳ ነው ቢባል ይሻላል፤ አብዛኛው ከ10 ሜትር በታች ነው፣ በደሴቶቹ አጠገብ ብዙ መተላለፊያዎችና ማረፊያዎች 2 ሜትር እንኳ አይሞሉም። 2 ሜትር ውሃ የሚፈልግ ጀልባ እዚያ በሰዓት ይኖራል፤ ባሕሩ ከፍ የሚልበትን የሙላት ሰዓት ይጠብቃል፣ ወይም ከውጭ ሆኖ እየተንገላታ ያድራል። ትንሽ ውሃ የሚበቃው ከአሸዋው ቁልል ጀርባ ይገባል፤ የባሕሩ ግፊት ቁልሉ ላይ ይሰበርና እርሱ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲንከባለል ያደረ ሰው በማግሥቱ ይሳሳታል።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላም አለ። የመልሕቅ ሰንሰለት ርዝመት የሚሰላው በጥልቀቱ ነው። በተለመደው አምስት እጥፍ ስሌት፣ የጀልባው አፍንጫ ከውሃ 1 ሜትር ከፍ ቢል፣ በ2 ሜትር ውሃ 15 ሜትር ሰንሰለት ይበቃል። በ8 ሜትር ውሃ 45 ሜትር ይሆናል። ሰንሰለቱ ካጠረ ጀልባው የሚዞርበት ክብ ይጠባል፤ በኮራል መካከል ለአንድ ጀልባ ብቻ በሚሆን የአሸዋ ማዕድ ላይ ማደር ይቻላል። አውሎ ነፋስ በሚነሣበት ወቅት ደግሞ ወደ ማንግሮቭ፣ በባሕር ዳር ውሃ ውስጥ ወደሚበቅለው ጫካ፣ ዘልቆ ከዛፎቹ ጋር በገመድ መታሰር የሚችለው ትንሽ ውሃ የሚበቃው ጀልባ ነው።

«የትም ዳርቻ አስቀምጦ ሆዱን ማጠብ ይቻላል»

ይህ የአድናቂዎች ስሕተት ነው፤ በሥዕል የሚያምረው ግን እርሱ ነው፦ ውሃው ሸሽቶ ጀልባው በአሸዋ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ባለቤቱ በባዶ እግሩ ዙሪያውን ብሩሽ ይዞ ሲሄድ። እውነት ነው፣ ሆዱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ይቀመጣል። ግን ውሃው እንዲሸሽ ሙላትና ጉድለት ያስፈልጋል። በአብዛኛው ካሪቢያን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ሜትር አይሞላም። በታሂቲ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሙላቱም እንደ ሌላው ባሕር ጨረቃን እየተከተለ ሰዓቱን አይቀያይርም፣ በየቀኑ እኩለ ቀንና እኩለ ሌሊት አካባቢ ይመጣል። በ30 ሴንቲ ሜትር ጉድለት የ1 ሜትር ጀልባ ሆድ አይታጠብም። በሞዛምቢክ ቤይራ ግን ልዩነቱ እስከ 6 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ አንዳንድ ቦታ 11 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ሥዕሉ እውነት ይሆናል።

የዚህን ተቃራኒ ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ሙላት በሌለበት ባሕር አሸዋ ላይ የወጣ ጀልባ ከ6 ሰዓት በኋላ ራሱ አይነሣም። አስጠንቃቂው ሳንቃው ነው፦ ወርዶ እያለ ቀድሞ መሬት ይነካል፣ ሰገባው ውስጥ ጉርርታ ይሰማል፣ ሳንቃው ወደ ኋላ ይታጠፋል። ያን ጊዜ ሳንቃውን ሰብስቦ በመጡበት መመለስ ይቻላል። ሳንቃውን አስቀድሞ ሰብስቦ የገባ ሰው ግን ያ ማስጠንቀቂያ የለውም፤ የሚነካው ሆዱ ነው።

«ስስ ቆርቆሮ ነው፣ ኮራል ይበሳዋል»

ከሥር ያለው ጠፍጣፋ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት ይኖረዋል፤ ቆርቆሮ አይባልም። ዋናው ነገር ግን የመተጣጠፍ ባሕርይው ነው፤ ፋይበርግላስ ሲበዛበት ይሰነጠቃል፣ አሉሚኒየም ይሰረጎዳል። ስርጉዱ ያስጠላል፣ ውሃ ግን አያስገባም። ይህ ማለት በኮራል ክምር ላይ ለሰዓታት ሲደበደብ ይተርፋል ማለት አይደለም። ኮራሉም ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ትንሽ ውሃ ይበቃኛል ብሎ በላዩ የሚያልፍ ሰው ለጀልባው ብቻ ሊሠጋ አይገባም።

«ይነድዳል» የሚሉም አሉ። የመጡበት መንገድ አስቂኝ ነው፦ በ1982 በፎክላንድ ጦርነት የተመታችው የእንግሊዝ መርከብ ሼፊልድ አሉሚኒየም ስለሆነች ነደደች ተብሎ ተወራ፤ የላይኛው አካሏ ግን ብረት ነበር። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣልና በብርቱ እሳት ጉልበቱን ያጣል። ጠፍጣፋው ግን እንደ እንጨት አይቀጣጠልም። ሙቀቱን በተመለከተ ቅሬታው ትክክል ነው፤ ያልተቀባ ወለል በቀትር ፀሐይ እግር ያቃጥላል፣ 28 ዲግሪ የሆነ ባሕርም ብዙ አያቀዘቅዝም። ነጣ ያለ የወለል ቀለም፣ ከውሃ በላይ ባለው ግድግዳ ውስጥ ወፍራም ፎምና ጥላ ካለ ግን ከሌላው ጀልባ የተለየ ምድጃ አይሆንም።

«በሩቅ ደሴት የሚበይደው አይገኝም»

ይህ ከሌሎቹ ይበልጥ ወደ እውነት የቀረበ ነው። የአሉሚኒየም ብየዳ አርጎን ጋዝ ይፈልጋል፣ ንፋስ ጋዙን ሲያባርረው ይበላሻል፤ ገጹ ላይ ያለው ሽፋን የሚቀልጠው ከ2000 ዲግሪ በላይ ስለሆነ አስቀድሞ በደንብ መፋቅ አለበት። በብየዳው አጠገብም ብረቱ ከፊል ጥንካሬውን ያጣል፤ ነዳፊው ይህን አስቦ ያወፍረዋል፣ የመንደር በያጅ ላያስብ ይችላል። የሚሻለው ጉዳቱን በአሉሚኒየም ቁራጭ፣ በማሸጊያ ማስቲሽና በማይዝግ ብሎን ለጊዜው ደፍኖ ትልቅ ወደብ እስኪደረስ መጠበቅ ነው። ስርጉድ ብቻ ከሆነማ ዓመትም ይቆያል።

ሻጮች የማይናገሩት ጣጣ ከሰገባው ውስጥ ነው። በሞቃት ውሃ ለሳምንታት በቆመ ጀልባ ተለጣፊዎቹ ወደዚያ ጠባብ ጨለማ ይገባሉ፤ አሸዋ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ጠጠርና የኮራል ስባሪ ከሥር ይጋፋል። ያኔ ሳንቃው ተሰብስቦ እንዳለ ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ መልሕቅ ተጥሎም ቢሆን በየጥቂት ቀኑ ሳንቃውን አውርዶ መልሶ ማውጣት ነው፤ ጥልቅ ውሃ ከሌለ እስከሚችለው ድረስ።