ጄኔ፦ በወንዝ ሙላት የምትኖር የማሊ ከተማ

ጄኔ በማሊ ሞፕቲ ክልል የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ናት። ከዋና ከተማው ከባማኮ በሰሜን ምሥራቅ በመንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ብዙ ሰው የሚያውቃት በጭቃ በተሠራው ታላቅ መስጊዷ ነው። እኔ ግን ጄኔን ለመረዳት ከውሃው መጀመር ይሻላል እላለሁ።

የኒጀር ወንዝ ገባር የሆነው ባኒ በአቅራቢያዋ ያልፋል። ከዝናቡ ወራት በኋላ ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል፤ ከተማዋም ደሴት ትሆናለች። ቦዞ የሚባሉት የአካባቢው ሕዝቦች በዚህ ውሃ ዓሣ ያጠምዳሉ። ገበሬው ሩዝ ያመርታል። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ የፉላኒ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ወደ ለምለሙ ሣር ይመልሳሉ።

ከከተማዋ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ጄኔ ጄኖ የሚባል የፍርስራሽ ጉብታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ሱዛን እና ሮደሪክ ማኪንቶሽ የተባሉ አሜሪካውያን አርኪዮሎጂስቶች እዚያ ቁፋሮ ጀመሩ። ሰው የሰፈረበት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ250 ገደማ እንደሆነ ተረጋገጠ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በፊት በምዕራብ አፍሪካ ከተማን ያመጡት ከሰሃራ ማዶ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው ይባል ነበር። ጄኔ ጄኖ ግን እነሱ ከመድረሳቸው በፊት ሩዝ የሚያመርት፣ ብረት የሚሠራ፣ ከሩቅ አገር ጋር የሚነግድ ሕዝብ ነበራት።

የዛሬዋ ጄኔ የከበረችው በመካከለኛው ዘመን ነው። የደቡቡ ወርቅና የኮላ ፍሬ፣ የሰሃራው አሞሌ ጨው እዚህ ይገናኙ ነበር። ከቲምቡክቱ ጋር በጀልባ ትነግድ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የሶንጋይ መንግሥት ገዥ ሶኒ አሊ ያዛት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የማሲና መንግሥት ገዥ ሴኩ አማዱ፣ በ1893 ደግሞ ፈረንሳዮች ተቆጣጠሯት። ከዚያ በኋላ ንግዱ ባኒና ኒጀር ወደሚገናኙባት የሞፕቲ ከተማ ሄደ።

መስጊዱ አሁን የምናየውን መልክ የያዘው በ1907 ነው። ከዚያ ቀደም ሴኩ አማዱ የጥንቱን መስጊድ አልወደደውም፤ ሌላ አሠርቶ አሮጌው እንዲፈርስ ተወው። ከግድግዳው ወጣ ወጣ ብለው የሚታዩት የዘንባባ እንጨቶች ጌጥ ብቻ አይደሉም። በየዓመቱ ምርጊቱ ሲታደስ ሠራተኞቹ የሚቆሙባቸው እነሱ ላይ ነው። ጭቃው ከሩዝ እብቅ ጋር ተደባልቆ ለቀናት ይቦካል። ሴቶቹ ውሃ ያመላልሳሉ፣ ወጣቶቹ ጭቃ ተሸክመው መሰላል ይወጣሉ፣ ባሬይ ቶን የሚባለው የግንበኞች ማኅበር ሥራውን ይመራል። እንደ በዓል ነው፤ ከተማው ሁሉ ይወጣል።

ዩኔስኮ ጄኔን በ1988 የዓለም ቅርስ አድርጎ መዘገባት። ክብሩ ግን ለነዋሪው ሸክምም አለው። ቤትህን እንደልብህ ማደስ አትችልም። ጠባቧን ክፍል ልታሰፋ ወይም በሲሚንቶ ልትሠራ ብትል ሕጉ ይይዝሃል። ይህ ቅሬታ ተገቢ ይመስለኛል፤ ሰው የሚኖረው ሙዚየም ውስጥ አይደለም።

ሰኞ ሰኞ መስጊዱ ፊት ለፊት ገበያ ይቆማል። ቱሪዝሙን ግን ከ2012 ወዲህ የአገሪቱ ጦርነት ክፉኛ ጎድቶታል። በ2016 ዩኔስኮ ከተማዋን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር አስገባት። በባኒ ላይ፣ ውሃው ጄኔ ከመድረሱ በፊት ባለው ቦታ የተሠራው የታሎ ግድብ በ2006 ሲጠናቀቅም የጄኔ ሰዎች የወንዙ ሙላት ይቀንሳል ብለው ሰግተው ነበር። ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም። ሙላቱ ሲቀንስ ዓሣውም ሩዙም ይቀንሳል፤ ሩዝ ሲያንስ ደግሞ ከመስጊዱ ጭቃ ጋር የሚቦካው እብቅም ያንሳል።