የጠመንጃ ሚዛን ምንድን ነው? ከክብደት ጋር የሚያምታቱት ነገር

«ጠመንጃው ከበድ ስለሚል ሚዛኑ ጥሩ ነው፤ አይንቀሳቀስም።» ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ተመልካች ብቻ ቢለው ባልከፋ ነበር። ውድድር የሚያብራሩ ሰዎችም ይደግሙታል። ጀማሪው ይሰማና አፈሙዙ ላይ ብረት እየደረደረ ወገቡን ያሳምማል። ስለዚህ ነገሩን ለይተን እንየው።

በመጀመሪያ ሕጉ። በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር፣ ዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን የሚፈቅደው ከፍተኛ ክብደት 5.5 ኪሎ ነው። ማነጣጠሪያውም፣ የተጨመረው ብረትም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። 5.5 ጣሪያ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ጣሪያውን መሙላት አለብኝ ብሎ የሚያስብ ተኳሽ ግን ብዙ ነው።

«በርሜሉ ላይ ብረት መጨመር ማጭበርበር ነው» የሚልም አለ። አይደለም፤ ይፈቀዳል። ሕጉ የሚከለክለው ሌላ ነው፤ ለምሳሌ ከሰደፉ የታችኛው ክፍል ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ወጣ የሚል ክብደት አይፈቀድም። ያ ሲጠበቅ፣ ክብደቱን ጠመንጃው ላይ እንዴት እንደሚያከፋፍል የመወሰኑ ሰፊ ድርሻ የተኳሹ ነው። ሚዛን የሚባለው ጉዳይም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ጠመንጃውን በአንድ ጣት ያነሳና፣ ሳያዘነብል የሚቆምበትን ቦታ ያገኛል። «በቃ፣ ሚዛኑ እዚህ ጋ ነው» ይላል። ያገኘው የክብደቱን ማዕከል ነው። እሱን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ፣ ክብደቱ ከዚያ ማዕከል ምን ያህል ርቆ ተበትኗል የሚለው ነው።

አንድ ረጅም መሰላልና አንድ ጆንያ አስቡ። ክብደታቸው እኩል ነው። መሰላሉን መሃሉ ላይ ትከሻችሁ ላይ ብታደርጉት ሳያዘነብል ይቀመጣል። ጆንያውም እንደዚያው። አሁን ፊታችሁን ወደ ጎን አዙሩ። ጆንያው አብሯችሁ ይዞራል። መሰላሉ ግን መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ አንዴ መዞር ከጀመረ ደግሞ እናንተ ስትቆሙ እሱ አይቆምም። ጫፉ ግድግዳ ይመታል።

ሁለት ጠመንጃዎችም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱም 5.5 ኪሎ ይሁኑ፤ በጣት ሲነሱም አንድ ቦታ ላይ ይመጣጠኑ። አንዱ ክብደቱ አፈሙዙና ሰደፉ ጫፍ ላይ ነው፤ ይህ መሰላሉ ነው። የሌላው ክብደት መሃል ላይ ተሰብስቧል። መሰላሉ የልብ ምትን፣ የእጅን ፈጣን መንቀጥቀጥ ቶሎ አይቀበልም። ስለዚህ ማነጣጠሪያው ውስጥ ሲታይ የተረጋጋ ይመስላል። ግን ከመሃል ከወጣ ተመልሶ ለመግባትም ይዘገያል። አንዱ ተኳሽ ይህን ይወደዋል፤ ቃታ ስቦ ቶሎ የሚጨርሰው ደግሞ ይጠላዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

መሰላሉን ከመሃሉ ወደ ኋላ ብትይዙትስ? ፊቱ ይወድቃል፤ እንዳይወድቅ የኋላውን ጫፍ በእጅ ወደ ታች መጎተት ግድ ይሆናል። የጠመንጃው ማዕከል ከደጋፊው እጅ (ጠመንጃውን ከሥሩ ከሚሸከመው) በጣም ወደ ፊት ሲርቅም ትከሻና ቀኝ እጅ ይህን ሥራ ይወርሳሉ (ለግራኝ ተገላቢጦሽ ነው)። ጡንቻ ሲጎትት ይደክማል፤ ሲደክም ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጥ ይቀንሳል ተብሎ የተጨመረው ብረት ራሱ መንቀጥቀጥ አመጣ ማለት ነው።

መሰላሉ የማይነግረን ነገርም አለ። ቆሞ የሚተኩስ ሰው በቀስታ ይወዛወዛል፤ ማንም ሰው። በዚህ ውዝዋዜ ሰውየውና ጠመንጃው አብረው ነው የሚሄዱት። የፈለገውን ያህል ብረት ቢጨመር ይህ አይጠፋም። እሱን የሚያስተካክለው አቋቋምና ልምምድ ነው። «ከባድ ከሆነ አይንቀሳቀስም» የሚለው አባባል የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው።

ልዩነቱ የሚመዘነው በምን ያህል ነው ብትሉኝ፣ ኢላማው መሃል ያለችው የ10 ነጥብ ክብ ዲያሜትሯ 0.5 ሚሊሜትር ነው። ጥይቱ 4.5 ሚሊሜትር ነው፤ ክቧን ከነካ ይቆጠራል። ስለዚህ የጥይቱ መሃል ከኢላማው መሃል ከ2.5 ሚሊሜትር በላይ መራቅ የለበትም። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎች በ80 ሴንቲሜትር ያህል ቢራራቁ፣ ይህ አፈሙዙ ጋ ሲደርስ 0.2 ሚሊሜትር ነው። ውጤቱ በአሥርዮሽ ስለሚቆጠር 10.1 እና 10.8 እኩል አይደሉም።

ሌላው የተዘነጋው ጉዳይ፣ ሚዛን የጠመንጃው ብቻ አለመሆኑ ነው። ቆሞ ሲተኮስ ማንገቻ መጠቀም አይፈቀድም። ተኳሹ የደጋፊ እጁን ክርን ጎኑ ወይም ዳሌው ላይ ያሳርፍና ወደ ኋላ ዘንበል ይላል፤ የሱና የጠመንጃው የጋራ ክብደት እግሮቹ መሃል እንዲያርፍ። ፊቱ በከበደ ቁጥር የበለጠ መዘንበል ይመጣል። ጫናው የሚያርፈው የታችኛው ወገብ ላይ ነው። ረጅም ክንድ ያለውና አጭር ክንድ ያለው ሰው በአንድ ዓይነት አደራረግ አይተኩሱም። የሻምፒዮንን ጠመንጃ ፎቶ አይቶ ብረቱን እዚያው ቦታ ማሰር ስለዚህ ምንም አይፈይድም። ውድድሩ 60 ተኩስ በ75 ደቂቃ ነው። ሴቶችም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከ40 ወደ 60 አድገዋል፤ የክብደት ምርጫው ለነሱም የበለጠ ከባድ ሆኗል።

ሚዛኑን ስትፈትሹ የአየር ጋኑን፣ ማለትም ጥይቱን የሚገፋው የተጨመቀ አየር የሚሞላበትን ዕቃ፣ አትርሱ። የተጨመቀ አየር ክብደት አለው፤ ጋኑ ሞልቶና ባዶ ሆኖ በአሥር ግራሞች የሚቆጠር ልዩነት ያመጣል። ያውም ከፊት ነው ያለው። ስለዚህ ሲመዘን ጋኑ ሙሉ ይሁን፤ ከ5.5ም ትንሽ ዝቅ ይበል። የቤት መመዘኛና የዳኞች መመዘኛ ሁልጊዜ አይስማሙም፤ ከውድድር በኋላ ተመዝኖ ከ5.5 ኪሎ በላይ የሆነ ጠመንጃ ደግሞ ከውድድር ያስወጣል።

ብረት የምትጨምሩ ከሆነ ከትንሹ ጀምሩ። አንድ ቦታ አስራችሁ 60ውንም ተኩሱ፤ የመጀመሪያዎቹ 10 ተኩሶች ሁልጊዜ ደስ ይላሉ። የመጨረሻዎቹን 20 ተመልከቱ። አፈሙዙ እየሰነበተ ወደ ታች መውረድ ከጀመረ፣ ወይም ወገባችሁ ከዓይናችሁ ቀድሞ ከደከመ፣ ብረቱን ወደ እጃችሁ አስጠጉት ወይም ቀንሱት።