«ይልድ» ምንድን ነው? ምርት ጨመረ ማለት ምርታማነት ጨመረ ማለት አይደለም

«ይልድ» የሚለው የእንግሊዝኛ የግብርና ቃል «ፕሮዳክሽን»፣ «ሃርቨስት» እና «ክሮፕ» ከሚሉት ጋር እንደ አንድ እየተቆጠረ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ሲጻፍ ማየት እየበዛ ነው። በቅርቡ አንድ አስተያየት ሰጪ የስንዴ ምርት በ20 በመቶ ማደጉን ተንተርሶ «ይልድ በ20 በመቶ ጨመረ፤ ይህም አርሶ አደሩ የተሻለ አሠራር መከተሉን ያሳያል» ሲል ጻፈ። ስሕተቱ ሲነገረው ደግሞ መዝገበ ቃላት ቃላቱን ተመሳሳይ ብሎ እንደሚዘረዝራቸው ጠቅሶ በአቋሙ ጸና። ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ ቢሆን ማለፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን መደምደሚያውን ከሥሩ የሚያፈርስ ስሕተት ነው።

በግብርና ባለሙያዎች ዘንድ ይልድ ማለት ከአንድ መለኪያ መሬት የተገኘ ምርት ነው፤ በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ወይም ቶን እየተባለ ይገለጻል። በአማርኛ የግብርና ጽሑፎች በአብዛኛው «ምርታማነት» የሚባለው ይኸው ነው። ፕሮዳክሽን ግን ለመሬቱ ስፋት ያልተካፈለው ጠቅላላ ምርት ነው። ሃርቨስት አዝመራ የመሰብሰቡን ሥራና ወቅቱን ወይም የተሰበሰበውን እህል ሲያመለክት፣ ክሮፕ በማሳው ላይ የቆመውን ሰብል ይጠራል። መዝገበ ቃላት በዚሁ የተመሳሳዮች ዝርዝር ውስጥ የሚያስገባው «ሪተርን» ወደ ገንዘቡ ያደላል፤ በሄክታር ብዙ ያስገኘ ማሳ ለማዳበሪያና ለመስኖ የወጣበትን ላይመልስ ስለሚችል እርሱም ከይልድ ጋር አይስተካከልም። መዝገበ ቃላት እነዚህን ቃላት ጎን ለጎን የሚያሰፍራቸው በአንዳንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስለሚተካኩ ነው። ቁጥር ሲከተላቸው ግን አይተካኩም፤ አንዱ በቶን፣ ሌላው በቶን በሄክታር ይለካልና።

ልዩነቱን ለመረዳት የመኪናን ፍጥነትና የተጓዘውን ርቀት ማሰብ ይጠቅማል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ 8 ሰዓት የነዳ ሰው 400 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ 4 ሰዓት የነዳው 320 ላይ ይቀራል። ርቆ የሄደው የመጀመሪያው ቢሆንም ፈጣኑ ሁለተኛው ነው። ይልድ ፍጥነቱ፣ የመሬቱ ስፋት ሰዓቱ፣ ጠቅላላ ምርቱ ደግሞ ርቀቱ ነው። አስተያየት ሰጪው ርቀቱ መጨመሩን አይቶ ፍጥነት ጨመረ አለ፤ ምን ያህል ሰዓት እንደተነዳ አልጠየቀም።

እርሱ ያነሳውን 20 በመቶ እንውሰድ። አምና 100 ሄክታር ተዘርቶ በሄክታር 30 ኩንታል ተገኝቶ ነበር ብንል፣ ጠቅላላው 3,000 ኩንታል ነው። ዘንድሮ የተዘራው መሬት ወደ 125 ሄክታር ሰፍቶ 3,600 ኩንታል ከተሰበሰበ፣ ምርቱ በትክክል በ20 በመቶ አድጓል፤ ነገር ግን ከእያንዳንዱ ሄክታር የተገኘው 28.8 ኩንታል ስለሆነ ይልድ በ4 በመቶ ወርዷል። ይህ ለክርክር ብቻ የተፈጠረ ሁኔታ አይደለም። ለም መሬት አስቀድሞ የሚያዝ በመሆኑ እርሻ ሲስፋፋ የሚደረስበት ተዳፋት፣ አፈሩ የሳሳ ወይም ውኃ የሚተኛበት መሬት ይሆናል፤ ስለዚህም ጠቅላላው ምርት እያደገ አማካይ ምርታማነቱ ሊያሽቆለቁል ይችላል። «አርሶ አደሩ የተሻለ አሠራር ተከተለ» የሚለው ድምዳሜ በእንዲህ ያለው ዓመት መሠረት የለውም።

በሌላው ጫፍ የዓለምን የእህል ታሪክ እናገኛለን። በ1961 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዓለም አማካይ የብርዕና አገዳ እህሎች ምርታማነት በሄክታር 1.4 ቶን ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ4 ቶን በላይ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የታጨደው መሬት ብዙም አልሰፋም፤ ምርቱ ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነው በዋነኛነት በይልድ ዕድገት ነው። ለዚህም ከማዳበሪያና ከመስኖ ጋር አጫጭር የስንዴና የሩዝ ዝርያዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። እነዚህ ዝርያዎች ወደ አገዳና ወደ ገለባ ይሄድ የነበረውን ወደ ፍሬው አዙረውታል፤ በይልድ የሚቆጠረውም የሚፈለገው ክፍል፣ በስንዴ ፍሬው፣ ብቻ ነው።

ወደ ምሳሌው ስንመለስ፣ የፍጥነት መለኪያው ራሱ ሊያሳስት እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። በማሳ ላይ ይልድ የሚለካው ብዙ ጊዜ በናሙና አጨዳ ነው፤ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ ይከለልና በውስጡ ያለው ሁሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶና ተበጥሮ ይመዘናል። ከዚህ 16 ካሬ ሜትር 8 ኪሎ ግራም ስንዴ ቢገኝ በሄክታር 50 ኩንታል ይሆናል። ለካዩ ሰብሉ ያማረበትን ቦታ መርጦ ከከለለ ግን አንድ ኪሎ ግራም ትርፍ በሄክታር ከ6 ኩንታል በላይ ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ቦታው በዕጣ መመረጥ አለበት። እርጥበቱ ካልተጠቀሰም ቁጥሩ ብዙ አይናገርም። ያው 50 ኩንታል የተመዘነው በ20 በመቶ እርጥበት ከሆነ፣ ለጎተራ በሚስማማው 13 በመቶ ሲሰላ 46 ኩንታል ነው፤ ልዩነቱ የውኃ ክብደት ነው።

አካፋዩም እንዲሁ መገለጽ አለበት። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በስታቲስቲክሱ ምርቱን የሚያካፍለው ለተዘራው ሳይሆን ለታጨደው መሬት ነው። በድርቅ ዓመት ግማሹ ማሳ ደርቆ ሳይታጨድ ቢቀር፣ በዚህ ስሌት ከሒሳቡ ይወጣል፤ የተረፈው ማሳ ብቻ ይቆጠርና ምርታማነቱ ከጉዳቱ በጣም የተሻለ ይመስላል። መኪናው ተበላሽቶ የቆመባቸውን ሰዓታት ሳይቆጥሩ አማካይ ፍጥነት ማውጣት ይህንኑ ይመስላል። ሁለቱም ስሌቶች ትክክለኛ አገልግሎት አላቸው፤ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ሳይለዩ መቀላቀላቸው ግን ስሕተት ነው።

«ምርታማነት» የሚለው ቃልም ቢሆን ብቻውን ሲቆም ሁልጊዜ ይልድን አያመለክትም። የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ቃሉን ሲያነሳ በአንድ ሠራተኛ ወይም በአንድ የሥራ ሰዓት የተገኘውን ምርት ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ በእጅ የሚታረም ትንሽ ማሳ በሄክታር ብዙ እየሰጠ በሰው ሲሰላ ግን ጥቂት ሊያስገኝ ይችላል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ደግሞ አዝመራ ለተዘራው ዘር እየተካፈለ ይገመት ስለነበር፣ በዘመኑ መዛግብት ላይ «አራት ለአንድ» የሚል ቢገኝ ከአንድ እጅ ዘር አራት እጅ ተሰበሰበ ማለት እንጂ ስለ መሬት ስፋት የሚናገር አይደለም።

የአንድ ሰብል ይልድ ብቻውን ሲታይም ሊያሳስት ይችላል። በቆሎና ባቄላ በአንድ ሄክታር ማሳ ተሰባጥረው ሲዘሩ የበቆሎው ይልድ ብቻውን ከተዘራው ማነሱ የሚጠበቅ ነው። በቆሎው ብቻውን ቢዘራ ይሰጥ ከነበረው 70 በመቶ፣ ባቄላው ደግሞ 60 በመቶ ከሰጡ፣ ያንኑ ምርት ለየብቻ ዘርቶ ለማግኘት ለበቆሎው 0.7፣ ለባቄላው 0.6፣ በድምሩ 1.3 ሄክታር ያስፈልጋል። የበቆሎውን ቁጥር ብቻ አይቶ ማሳውን ደካማ የሚል ዘገባ፣ ከአንድ ሄክታር የ1.3 ሄክታር ሥራ መገኘቱን ሳያይ ያልፋል።