«ለገጠር የቱ ሲም ይሻላል?» እና ሌሎች የሚያደክሙ አባባሎች

ሲም ካርድ በሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ «ለገጠር የቱ ይሻላል፣ 09 ወይስ 07?» የማይባልበት ቀን የለም። 09 የኢትዮ ቴሌኮም፣ 07 የሳፋሪኮም ቁጥር መነሻ ነው። ጠያቂው ቀበሌውን አይናገርም፤ ቤቱ ከጋራው ፊት ይሁን ከጀርባ አይናገርም፤ እናቱ የያዙት ስልክ ምን እንደሆነም አይናገርም። መላሹም አገሩን ሳያይ ይመልሳል። ከዚያ ጥቅል ተሞልቶ ይላካል፣ ስልኩ አይነሳም፣ ድርጅቱ ይሰደባል።

«09 የትም ይሠራል፣ 07 የከተማ ነው»

በጥቅሉ ሲታይ የኢትዮ ቴሌኮም ሽፋን የሰፋ ነው፤ ይህ አያከራክርም። የሞባይል አገልግሎት በአገሪቱ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን ሳፋሪኮም በአገር ደረጃ ሥራ በይፋ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው። ስህተቱ «በጥቅሉ»ን ወስዶ «የእኛ ሰፈር» ላይ መለጠፉ ነው። ሽፋን በመቶኛ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ሕዝብ ነው፣ መሬት አይደለም። ከተማውና የመንገድ ዳሩ ከተሸፈነ የመቶኛው ቁጥር በፍጥነት ያድጋል፤ ከመንገዱ ወደ ውስጥ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬደው መንደር ግን እዚያው ነው። ሁለቱ ድርጅቶች አንድ ታወር ላይ ተጋርተው ቢሰቅሉም የእያንዳንዱ አንቴና የየራሱ ነው፤ አንዱ አለ ማለት ሌላውም አለ ማለት አይደለም።

ደግሞ ደጋው አገራችን ሜዳ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲሄዱ መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ አባይን ይሻገርና መልሶ ይወጣል። እንዲህ ባለ ምድር ላይ ከገደል ማዶ ያለው ሩቅ ታወር፣ በእይታ መስመር ላይ እስካለ ድረስ፣ ከኮረብታው ጀርባ ካለው ቅርብ ታወር የተሻለ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ የወረዳው ከተማ ላይ የሠራው ሲም ቤት ድረስ ይሠራል ብሎ መወራረድ ሞኝነት ነው።

«ኔትወርኩ ሙሉ ነው እኮ!»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስበላው ይህ ነው።

ስልኩ ጥግ ላይ የሚታዩት መስመሮች የሚያሳዩት ስልኩ ታወሩን ምን ያህል እንደሚሰማ ብቻ ነው። ታወሩ ስልኩን ይሰማው አይሰማው አያሳዩም። የመስመሮቹ ልክም አንድ ወጥ አይደለም፤ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መለኪያ ያወጣዋል። አንዱ ስልክ ሦስት መስመር የሚያሳይበት ቦታ ላይ ሌላው አንድ ያሳያል፤ ስልኩ ተሻለ ማለት ግን አይደለም።

ሙሉ መስመር እያሳየ የማይደወልባቸው ምክንያቶች በደንብ የታወቁ ናቸው። አንደኛው ርቀት ነው። የተለመደው የ2ጂ ጣቢያ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ስልክን ማስተናገድ አይችልም፤ ይህ የጉልበት ጉዳይ ሳይሆን የጊዜ አቆጣጠር ገደብ ነው። ደጋ ጫፍ ላይ ያለ መንደር ከቆላው ማዶ የ40 ኪሎ ሜትር ታወር ምልክት ጥርት አድርጎ ሊቀበል ይችላል፤ ሲደውል ግን ጥሪው ወዲያው ይቋረጣል። ሰዎች ካርድ ያለቀ ይመስላቸውና ሌላ ካርድ ይሞላሉ።

ሁለተኛው የስልኩ የራሱ ጉልበት ነው። ስልክ በ2ጂ 900 ሜጋኸርዝ ላይ እስከ 2 ዋት ድረስ ያሰራጫል፤ በ3ጂና በ4ጂ ግን ብዙውን ጊዜ ጣሪያው 0.2 ዋት አካባቢ ነው። ታወሩ ጮሆ ይናገራል፣ ስልኩ ያንሾካሽካል። የድሮዋ ባለ ቁልፍ ስልክ አዲሱ ስማርት ስልክ ባቃተው ቦታ ስትደውል የሚገርማቸው ሰዎች አሉ፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሦስተኛው መጨናነቅ ነው። አንድ የ2ጂ ቻናል በ8 የጊዜ ክፍል ይከፈላል፤ አንዱ ለመቆጣጠሪያ ሲያዝ 7 ሰው ያህል ይናገርበታል። አንድ አቅጣጫ ላይ ሁለት ቻናል ያለው የገጠር ጣቢያ በአንድ ጊዜ 14 ያህል ጥሪ ይይዛል፤ የድምፁን ጥራት ቀንሶ ካጠፈው እጥፉን። አሁን የገበያ ቀንን አስቡት። መስመሩ ሙሉ ሆኖ «ኔትወርክ ቢዚ» ይላል፤ ውሸቱን አይደለም።

ስለዚህ ሲም ከመምረጥ በፊት መለካት ነው፤ ግማሽ ቀንም አይፈጅም። ከጎረቤት አንድ 09 እና አንድ 07 ተዋሱ፤ ከሁለቱ አንዱን ሲም የያዘ ሰው በሰፈሩ ከጠፋ መልሱን አገኛችሁት ማለት ነው። ሁለቱንም በተራ አንድ ስልክ ውስጥ፣ ያውም ሰውዬው በሚጠቀምበት ስልክ ውስጥ ክተቱ። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ፣ ከዚያ አባውት ፎን፣ ከዚያ ሲም ስታተስ ግቡ፤ ሲግናል ስትሬንግዝ የሚለው ቁጥር ዲቢኤም በሚባል የምልክት ጉልበት መለኪያ ይታያል። ካልተገኘ በብዙ አንድሮይዶች *#*#4636#*#* ይከፍተዋል፤ አይፎን ላይ *3001#12345#* ብላችሁ ደውሉ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ወደ ዜሮ የቀረበው ይሻላል። በ2ጂ ከሆነ -70 በጣም ጥሩ ነው፣ -85 ይበቃል፣ -100 ሲደርስ ቤት ውስጥ ይቆራረጣል፣ ከ-105 በታች ተስፋ አታድርጉ። የ4ጂ ልኬት ሌላ ነው፤ እዚያ -100 ደህና ነው፣ ከ-115 በታች ግን ይጎተታል። የ10 ቁጥር ልዩነት ትንሽ አይምሰላችሁ፤ ጉልበቱ ወደ አንድ አሥረኛ ወርዷል ማለት ነው።

ልኬቱን ደጅ ላይ ብቻ አታድርጉ። ስልኩ የሚያድርበት ቦታ ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ማሳው ላይና ጤና ኬላው አጠገብ ለኩ። ቆርቆሮ ምልክት ይመልሳል፤ ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ሱቅ ውስጥ ስልክ ሲሞት በሩ ላይ ይነሳል። ከዚያ በእያንዳንዱ ቦታ ደውሉና ሁለት ደቂቃ ቆዩ፤ ዋናው ነገር ሌላኛው ሰው እናንተን መስማቱ ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ ዲቢኤም ስለማያሳይ በ09 ሲም *804# አሥር ጊዜ ደውሉ፤ ሒሳቡን ስምንት ጊዜና ከዚያ በላይ ካመጣ መስመሩ ይሠራል። አምስት ጊዜ ከሆነ ሌላ ሲም ፈልጉ። ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ በገበያ ቀን፣ አንድ ጊዜ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ድገሙት፤ ሰው ሁሉ የሚደውለው ያኔ ነው። መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት ጠዋት መሞከርም ብልህነት ነው፣ የታወሩ ባትሪ ሌሊቱን ችሎ እንደሆነ ይታወቃል።

«ታወሩ ከቤታችን ይታያል»

ቀና ብላችሁ እዩት። ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ጠባብ ሳጥኖች ካሉ እነሱ የስልክ አንቴናዎች ናቸው። ከበሮ የሚመስሉት ክቦቹ ግን ታወርን ከታወር ያገናኛሉ፤ ለስልካችሁ ምንም አይሠሩም። ክብ ብቻ የተሰቀለበት ታወር ሥር ኔትወርክ ቢጠፋ አይግረማችሁ። ሳጥኖቹም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሆነው በሦስት አቅጣጫ ይሰቀላሉ፤ ሁለት ብቻ ከሆኑና መንገዱን ተከትለው ከተሰቀሉ፣ ከጀርባቸው ያለ ቤት ታወሩን እያየ ይቸገራል።

«ትልቁ ጥቅል ርካሽ ነው»

በሜጋባይት ሒሳብ ርካሽ ነው፤ ችግሩ ሜጋባይቱን የምትጠቀሙበት መንገድ ከሌለ ነው። 2ጂ ብቻ ባለበት ቦታ የተለመደው ፍጥነት በሴኮንድ 100 ኪሎቢት ቢሆን (ያውም ደህና ቀን ነው)፣ 1 ጊጋባይት ለማውረድ 22 ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ ይፈጃል። የ24 ሰዓት ጥቅል 1 ጊጋ ይዞ ሲመጣ እዚያ ሰፈር ሊያልቅ የሚችለው ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ከወረደ ብቻ ነው፤ አለዚያ ጊዜው ቀድሞ ያልቃል። 3 ሜጋባይት የሆነ ፎቶ 4 ደቂቃ ይወስዳል። ለእንዲህ ያለ ቦታ የድምፅ ጥቅል ይገዛል፣ ካስፈለገም ለቴሌግራም የድምፅ መልእክት የምትበቃ ትንሽ ዳታ ይጨመራል፤ በቃ።

የድምፁንም ቢሆን በተሰጠው ሳይሆን በሚነገረው አካፍሉት። ለምሳሌ ያህል 100 ደቂቃ በ100 ብር የሚሰጥ የወር ጥቅል አለ እንበል፤ በደቂቃ 1 ብር ይመስላል። እናትዎ በሳምንት አንድ ጊዜ 10 ደቂቃ የሚያወሩ ከሆነ በወር 40 ደቂቃ ነው፤ ደቂቃው 2 ብር ከ50 ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ሰው ቅዳሜ ጠዋት የምትሞላ የቀን ጥቅል ትሻላለች። በዋናነት የሚደውሉት ልጆቹ ከሆኑ ደግሞ ጥቅሉ የሚገባው ለልጆቹ ስልክ ነው፤ ለእናትየው ሲሙ እንዳይዘጋ አልፎ አልፎ ካርድ መሙላት ይበቃል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ገልብጦ ይከፍላል።

ከመግዛት በፊት በኢትዮ ቴሌኮም *999#፣ በሳፋሪኮም *777# ገብታችሁ የማረጋገጫውን ቁጥር ከመጫናችሁ በፊት ሁለት ነገር አንብቡ። ደቂቃው ወደ ሌላኛው ድርጅት ይደውላል ወይስ በራሱ ውስጥ ብቻ? የሚያበቃው መቼ ነው? ገጠር ያለው ሰው ራሱ እንዲሞላ አያስፈልግም፤ በቴሌብር ከከተማ ሆኖ ለሌላ ቁጥር ጥቅል መግዛት ይቻላል።

«ያልተገደበ ማለት ያልተገደበ ነው»

አይደለም፤ ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ መጠኑም ውሉ ላይ ተጽፏል።

«ካርዴን ቴሌ በላው»

አልፎ አልፎ እውነት ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥቅሉ አልቆ ዳታው ሳይዘጋ ቀርቶ ነው፤ አፕሊኬሽኖች ከበስተጀርባ ሲታደሱ ከዋናው ሒሳብ ይቆረጣል። ዳታውን አጥፉ፣ ፕሌይ ስቶር ላይ የራስ ሰር ማደሻውን በዋይፋይ ብቻ አድርጉ፣ ዋናው ሒሳብ ላይ ብዙ ብር አታስቀምጡ።

«4ጂ ስልክ ቢገዛላቸው ይሻላቸዋል»

4ጂ የሌለበት ቦታ 4ጂ ስልክ ኔትወርክ አይፈጥርም፤ ይባስ ብሎ ሲፈልግ ይውላል፣ ባትሪውንም ይጨርሳል። ስልክ ለማስቻርጅ ከፍለው ለሚኖሩ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሞባይል ኔትወርክ ውስጥ ገብታችሁ ወደ 2ጂ ብቻ ቀይሩላቸው። ገንዘብ መላኪያውም አይጓደልባቸውም፤ ቴሌብር በ*127#፣ ኤምፔሳ በ*733# ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ሁለት ሲም የሚይዝ የቆየ ስማርት ስልክ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ቦታ ብዙ ጊዜ 2ጂ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ዳታ የሚገዛበት ሲም አንደኛው ቦታ ይግባ።

«ማጉያ ከመርካቶ ገዝተን እንሰቅላለን»

ስልክ ጀርባ የሚለጠፈው ስቲከር ወረቀት ነው፤ ስለሱ ማውራት አያስፈልግም። የኤሌክትሪኩ ማጉያ ግን ይሠራል፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። የውጭውና የውስጡ አንቴና በቂ ርቀት ከሌላቸው ማጉያው የራሱን ድምፅ መልሶ እያጎላ ያፏጫል፤ በዚህም የአካባቢውን ታወር ያውካል። የእናንተ ቤት ሲበራለት የቀበሌው ሰው ሊቋረጥበት ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አዋጅ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዕቃዎችን ዓይነት የማጽደቅ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ያልጸደቀ ማጉያ መስቀል በገዛ እጅ ክስ መጥራት ነው። ከዚያ ይልቅ ስልኩን ከቆርቆሮው አውጥቶ በልኬቱ የተሻለ ቁጥር ያሳየው መስኮት ላይ ማንጠልጠልና በኢርፎን ማውራት ዋጋው ዜሮ ነው።

«ከአሜሪካ የመጣ ስልክ ይሻላል»

ካሜራው ይሻል ይሆናል። እዚህ ለመሥራት ግን ስልኩ 2ጂ በ900፣ 3ጂ በ2100፣ 4ጂ በ1800 ሜጋኸርዝ (ባንድ 3) መቀበል አለበት። ለአንድ የአሜሪካ ድርጅት ብቻ ተብለው የተሠሩ አንዳንድ ርካሽ ሞዴሎች ከነዚህ አንዱ ይጎድላቸዋል፤ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ይዞ ስልኩ የሚቀበላቸውን ባንዶች (የሞገድ ክልሎች) ዝርዝር ማየት ነው። ሌላው ቁልፉ ነው። ሲም ሲገባ የመክፈቻ ኮድ የሚጠይቅ ወይም ሲሙን አልቀበልም የሚል ስልክ ተቆልፏል ማለት ነው፤ እዚህ ሰፈር ውስጥ የሚከፍቱትም ብዙ ጊዜ ጥሩ አያደርጉትም። ማስከፈት ያለበት ስልኩን እዚያ የገዛው የመስመሩ ባለቤት ነው፤ ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ ድርጅቱን ይጠይቃል። ስለዚህ ዘመድዎ ሻንጣው ውስጥ ከመክተቱ በፊት የሌላ ድርጅት ሲም አስገብቶ ይሞክረው፤ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ማስከፈቱ ያለ ላኪው አይሆንም።